እናት የዋጠችው መድኃኒት በልጅ ባሕርይ ላይ ምን ይተዋል?

ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ እናቶች ከቫይረሱ ነጻ የሆኑ ልጆችን ወልደውና ጡት አጥብተው ማሳደግ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በየጤና ጣቢያው የእናቶችና የሕጻናት ክትትል ክፍል ይህ ዛሬ የዘወትር ሥራ ነው። እናት ክኒኗን በየቀኑ ትውጣለች፤ ሕጻኑ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ ሽሮፕ ይሰጠዋል፤ በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይመረመራል። ጡት ከተወ በኋላ፣ 18 ወር ሲሞላው ደግሞ የመጨረሻው ምርመራ ይደረግለታል። ውጤቱ “ነጻ ነው” ሲባል ቤተሰቡ እፎይ ይላል፤ የልጁም መዝገብ ይዘጋል።

መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ሳይዘጋ ይቀራል። ልጁ ቫይረሱ ባይዘውም መድኃኒቱ አግኝቶታል፤ አስቀድሞ በማሕፀን ሳለ፣ ቀጥሎም በጡት ወተትና በሽሮፕ። ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን በቅጡ ካልፈታ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ አንድ ቦታ መቀመጥ ከተሳነው፣ ወይም ከእኩዮቹ ጋር መጫወትን ከሸሸ እናቲቱ በሆዷ የምታብሰለስለው፣ ለጎረቤትም ለመምህርም የማትናገረው ነገር አለ፦ “የዋጥሁት መድኃኒት ይሆን?”

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕክምናው ሳይንስም ይህንኑ ከ30 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሲመረምረው ቆይቷል። የደረሰበትን ቀድሞ መናገር ይበጃል፤ በዚህ ጉዳይ ግማሹን ብቻ የሰማ ሰው መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ይችላልና። አንዳንድ ጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች በማሕፀን ያገኟቸው ልጆች በቋንቋ፣ በእንቅስቃሴና በባሕርይ መለኪያዎች ላይ ጥቂት ዝቅ ብለው የታዩባቸው ጥናቶች አሉ። ልዩነቱ ግን በአብዛኛው ትንሽ ነው፤ ከመድኃኒት መድኃኒትም ይለያያል። መድኃኒቱን መተው የሚያመጣው ጉዳት ደግሞ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ንጽጽሩን ለማየት መድኃኒቱ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ምንም ዓይነት የመከላከያ ሕክምና ካላገኙ እናቶች ከሚወለዱና ጡት ከሚጠቡ 100 ሕጻናት ውስጥ ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በቫይረሱ ይያዛሉ። ከተያዙት መካከል ሕክምና ካላገኙት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞታሉ። በሕይወት የሚቆዩትም ቢሆኑ ቫይረሱ ገና በማደግ ላይ ያለውን አእምሯቸውን ያጠቃል። ዳዴ ማለት የጀመረ ልጅ ዳዴውን ይተዋል፤ ሁለት ሦስት ቃል የለመደው ይረሳዋል። ስለዚህ ስለ መድኃኒቱ ጠባሳ ሲነሳ የቫይረሱን ጠባሳ ረስቶ መነጋገር አይቻልም። እናት መድኃኒቷን በሥርዓቱ ስትወስድ ያ ከ15 እስከ 45 የነበረው ቁጥር ከ5 በታች ይወርዳል።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.አ.አ በ1994 ነው። በአሜሪካና በፈረንሳይ የተካሄደ አንድ ጥናት ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት፣ በአጭር ስሙ ኤዜድቲ፣ ለነፍሰ ጡሮች በእርግዝናና በምጥ ወቅት፣ ለሕጻኑም ለ6 ሳምንት ሲሰጥ ምን እንደሚያመጣ አሳየ። መድኃኒት ያልያዘ ማስመሰያ ከተሰጣቸው እናቶች ልጆች 25.5 በመቶ ሲያዙ፣ ዚዶቩዲን ካገኙት እናቶች ልጆች የተያዙት 8.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የመተላለፍ ዕድሉ በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በዑጋንዳ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ በምጥ ጊዜ ለእናት አንድ ጊዜ፣ ለሕጻኑም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ኔቪራፒን መተላለፉን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ይህ ርካሽና ቀላል መንገድ ለድሃ ሀገራት በር ከፈተ።

ደስታው ግን ከጥያቄ ጋር መጣ። በእርግዝና ወቅት የሚወሰድ መድኃኒት አብዛኛው በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ ደም ይገባል። ይህ ባይሆን ኖሮ ልጁን በዚያ ደረጃ ባልጠበቀውም ነበር። የሕጻን አእምሮ ደግሞ ፋታ የሌለው ግንባታ የሚካሄድበት ቦታ ነው፤ ከእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ድረስ እንደዚያ ወቅት የሚያድግበት ጊዜ በሰው ዕድሜ ውስጥ አይገኝም። በግንባታው መሐል የሚገባ ኬሚካል ምን ይተዋል?

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዚዶቩዲንና ዘመዶቹ የሚሠሩት በማታለል ነው። ቫይረሱ ራሱን ለማባዛት የዘር ጽሑፉን እንደ ዶቃ ክር አንድ በአንድ ይደረድራል። መድኃኒቱ ዶቃ መስሎ ይገባና ቀጣዩን ዶቃ የሚያስገባ ቀዳዳ ስለሌለው ክሩ እዚያው ይቆማል። ችግሩ በሰው ሕዋስ ውስጥም የራሳቸውን የዘር ጽሑፍ የሚያባዙ፣ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን የኃይል ማመንጫዎች መኖራቸው ነው። የእነርሱ የማባዣ ሥርዓትም በዚሁ የውሸት ዶቃ አንዳንዴ ይታለላል። አእምሮ ደግሞ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ይልቅ ኃይል የሚፈጅ ነው፤ የኃይል ማመንጫው ሲዳከም ቀድሞ የሚሰማው እርሱ ነው።

እ.አ.አ በ1999 የፈረንሳይ ሐኪሞች ያወጡት ዘገባ ይህን ስጋት ከወረቀት ወደ ሕጻናት አልጋ አመጣው። ከ1 ሺህ 754 እናቶችና ልጆች መካከል፣ መድኃኒቱን አግኝተው በቫይረሱ ሳይያዙ የቀሩ 8 ልጆች የሚቶኮንድሪያ መዛባት ምልክት ታየባቸው፤ ሁለቱ ሞቱ። ዘገባው ዓለምን አስደነገጠ። በኋላ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በሰፊው ሲቆጥሩ የዚህ ችግር መጠን ከሺህ ልጆች ከሦስት በታች መሆኑን አገኙ፤ በአሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች መዝገብ ሲገለጥ ደግሞ ተመሳሳይ ሞት አልተገኘም። ችግሩ ብርቅ መሆኑ ታወቀ፤ ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ ከተመራማሪዎች ጠረጴዛ አልወረደም።

የባሕርይን ጉዳይ በቀጥታ ለመመርመር ቀዳሚ ከሆኑት መካከል በሮም በሚገኘው የጣሊያን ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠሩት ጀማ ካላማንድሬይና አልዲና ቬኔሮሲ ይገኙበታል። እነዚህ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ለነፍሰ ጡር አይጦች ዚዶቩዲንን ለብቻው፣ ላሚቩዲን የተባለውን ሌላ መድኃኒት ለብቻው፣ እንዲሁም ሁለቱን በአንድነት ሰጡ፤ ከዚያም የተወለዱትን ግልገል አይጦች እስኪጎለምሱ ተከታተሉ። የሚለኩት ነገር ለገበሬ እንግዳ አይደለም፤ ጥጃ መቼ እንደቆመ፣ ግልገል ከመንጋው ጋር እንዴት እንደሚውል እንደመመልከት ያለ ነው። አይጧ ጣቶቿን ጨብጣ መያዝ የጀመረችው በስንተኛው ቀን ነው? እንግዳ አይጥ ሲገባባት ታሸታለች ወይስ ትሸሻለች? ከእኩዮቿ ጋር ስትገናኝስ ምን ታደርጋለች?

ያገኙት ነገር ስውር ነበር። ግልገሎቹ ጤነኛ ይመስላሉ፤ ይበላሉ፤ ይሮጣሉ። ነገር ግን ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድነት ያገኙት ክብደት የጨመሩት ቀስ ብለው ነበር፤ አንዳንድ የእንቅስቃሴ ምልክቶችም ዘግይተው ታዩባቸው። ወደ ጉርምስና ሲደርሱ ደግሞ ከሌሎች አይጦች ጋር በሚያደርጉት ግንኙነት ላይ ልዩነት ተስተዋለ። ሁለቱ መድኃኒቶች ሲጣመሩ የታየው ለውጥ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲሰጡ ከታየው የበለጠ ነበር። መድኃኒቱ ከቆመ ከሳምንታት በኋላ፣ ከሰውነታቸው ጨርሶ ከወጣ በኋላ የታየ ለውጥ መሆኑ የተመራማሪዎቹን ትኩረት ሳበ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አይጥ ሰው አይደለችም። ለአይጦቹ የተሰጠው መጠን ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ነፍሰ ጡሮች ከሚወስዱት እጅግ ከፍ ያለ ነው። የአይጥ ግልገል ስትወለድም አእምሮዋ ገና ጥሬ ነው፤ ከተወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የምታልፍበት የአእምሮ እድገት በሰው ልጅ ዘንድ በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ከሚሆነው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ “ከልደት በኋላ” የሚለው ቃል በአይጥና በሰው ዘንድ አንድ ትርጉም የለውም። የአይጥ ጥናት ዋጋው ሌላ ነው። አይጧ ኤች አይ ቪ የለባትም፤ በድህነት አትኖርም፤ እናቷ በኀዘን አልተጎዳችም። የታየባት ለውጥ የመድኃኒቱ ብቻ ነው። በሰው ልጆች ጥናት ግን ይህን ያህል ንጹሕ መልስ ማግኘት አይቻልም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቫይረሱ በደሟ ያለባትን ነፍሰ ጡር መድኃኒት ከልክሎ ልጇን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ዛሬ ወንጀል ነው። የሚነጻጸሩት ቫይረሱ ካለባቸውና ከሌለባቸው እናቶች የተወለዱ ልጆች ሲሆኑ፣ የእነዚህ ልጆች ልዩነት ደግሞ መድኃኒቱ ብቻ አይደለም። የአንደኛው እናት በእርግዝናዋ ወቅት ሰውነቷ ከቫይረስ ጋር ሲታገል ቆይቷል፤ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ የመወለድ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ አባቱ ሞቶ ወይም ትቷቸው ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ የእህል እጥረት ሊኖርበት ይችላል። ተመራማሪዎች እነዚህን ሁሉ በስሌት ለመለየት ይሞክራሉ፤ ሆኖም ሽንብራን ከጠጠር እንደመልቀም አይቀልም።

የሆነው ሆኖ የሰዎቹ ጥናቶች ብዙ አስተምረዋል። የመጀመሪያው አጽናኝ ነበር። በ1994ቱ ጥናት ከተሳተፉ እናቶች የተወለዱ፣ በቫይረሱ ያልተያዙ 234 ልጆች ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው እ.አ.አ በ1999 ውጤቱ ሲወጣ፣ ዚዶቩዲን ባገኙትና ባላገኙት መካከል በቁመትም ሆነ በአእምሮ እድገት ልዩነት አልተገኘም። ልጆቹ በዚያን ጊዜ በአማካይ አራት ዓመት ገደማ ነበሩ። ይህ ጥናት ልዩ ክብር የሚገባው ነው፤ ማን መድኃኒቱን እንዳገኘ በዕጣ የተወሰነበትና ዳግመኛ ሊደረግ የማይችል ንጽጽር ስለሆነ።

ቀጥሎ የመጡት መድኃኒቶች ግን ዚዶቩዲን ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሦስት ሦስት ሆነው የሚሰጡ ነበሩ። በአሜሪካ እ.አ.አ ከ2007 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የተጋለጡ ነገር ግን ያልተያዙ ልጆችን የሚከታተል ትልቅ ጥናት እየተካሄደ ነው። በዚህ ጥናት አታዛናቪር የተባለውን መድኃኒት በማሕፀን ያገኙ ሕጻናት በመጀመሪያው ዓመት ገደማ ሲለኩ በቋንቋና በማኅበራዊ ስሜት መለኪያ በመጠኑ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ይህ መድኃኒት በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕክምና ለማይሠራላቸው ሰዎች የሚቀመጥ ነው። ከሁሉም በላይ ትኩረት የሳበው ግን ኤፋቪሬንዝ ሆነ። በእርሱ የተጋለጡ ልጆች የራስ ቅላቸው መጠን ከተለመደው ያነሰ የመሆን ዕድሉ እጥፍ ያህል መሆኑና የነርቭ ችግሮችም በዝተው መታየታቸው ተዘገበ። በቦትስዋና የተደረገ ሌላ ጥናትም፣ በሁለት ዓመታቸው የተለኩ በኤፋቪሬንዝ የተጋለጡ ልጆች ቋንቋ በመረዳትና በእንቅስቃሴ በመጠኑ ዝቅ ማለታቸውን አሳየ። ኤፋቪሬንዝ በአዋቂዎችም ዘንድ ቅዠትና የራስ ማዞር የሚያመጣ፣ ወደ አእምሮ በቀላሉ የሚገባ መድኃኒት መሆኑ ለሚወስዱት ሁሉ የታወቀ ነበር።

ይህ ለኢትዮጵያ ሩቅ ወሬ አይደለም። ሀገሪቱ እ.አ.አ በ2013 ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ የሕዋስ ቁጥሯ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ መድኃኒት ጀምራ ዕድሜ ልኳን እንድትቀጥል የሚያዘውን አሠራር ስትተገብር፣ በአንድ ክኒን የተጣመሩት ሦስቱ መድኃኒቶች ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ኤፋቪሬንዝ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ኤፋቪሬንዝ ወጥቶ በቦታው ዶሉቴግራቪር እስኪተካ ድረስ የተወለዱት የእነዚህ እናቶች ልጆች አብዛኞቹ በማሕፀን ያገኙት ያንን ነው። አሠራሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕይወቶችን ያተረፈ መሆኑ አያከራክርም። እነዚያ ልጆች ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መምህራቸው ይህን አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። የጤና ሥርዓቱ ግን ሊያውቅና በየጊዜው ሊያያቸው ይገባ ነበር።

መድኃኒቱን ከሌላው ምክንያት መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው የድራከንስታይን ጥናት ያሳያል። ከኬፕታውን ብዙም በማይርቀው በፓርል አካባቢ የተወለዱ 732 ልጆች ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ተለኩ። ለቫይረሱ ተጋልጠው ያልተያዙት ልጆች ቋንቋ በመረዳትና በመናገር የመዘግየት ዕድላቸው ካልተጋለጡት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በእንቅስቃሴና በጠቅላላ የማሰብ ችሎታ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። የሁለቱም ወገን ልጆች በአንድ ሰፈር፣ በተቀራራቢ ድህነት ውስጥ የሚያድጉ ስለሆኑ ውጤቱ ክብደት አለው። ያም ሆኖ የዘገየውን ቋንቋ ለመድኃኒቱ ወይስ ለቫይረሱ ወይስ ለእናት ጤና እንደሚሰጡት ተመራማሪዎቹ አልደፈሩም።

በባሕርይ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው እ.አ.አ በ2011 በአሜሪካ የወጣ ውጤት ነው። ከ7 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው 416 ልጆች ለአእምሮ ጤናና ለባሕርይ ችግር ተመረመሩ። 295ቱ ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ፣ 121ዱ ተጋልጠው ያልተያዙ ነበሩ። ሰው ሁሉ የታመሙት ይብሳሉ ብሎ ይጠብቅ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ችግር የታየባቸው ከታመሙት 25 በመቶ፣ ካልተያዙት ግን 38 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ የሚውጡት ልጆች ይብሱ ነበር። ጥናቱ የጠቆመው ወደ ሌላ ነው፤ የአሳዳጊው የራሱ የአእምሮ ጤና መታወክና የኑሮ ጫና ከልጁ ባሕርይ ጋር ተያይዞ ተገኘ። የታመመው ልጅ በየጊዜው ሐኪም ያየዋል፣ አማካሪ ያነጋግረዋል፣ ቤተሰቡም ይታገዛል። “ነጻ ነህ” የተባለው ግን ያቺው የታመመች እናትና ያው የተቸገረ ቤት እያሉት ከክትትል ይወጣል።

ዶሉቴግራቪር ላይ የሆነው ደግሞ የመጀመሪያ ወሬ ሰምቶ መደንገጥ ምን ያህል እንደሚያሳስት ያስረዳል። እ.አ.አ በ2018 በቦትስዋና ይህን መድኃኒት እየወሰዱ ካረገዙ 426 እናቶች በተወለዱ ልጆች ላይ አራት የአእምሮና የሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለቶች ተገኙ። ቁጥሩ ከሚጠበቀው በብዙ እጥፍ የበለጠ ስለነበር በበርካታ ሀገራት ለወጣት ሴቶች መድኃኒቱን መስጠት ዘገየ። ቆጠራው ግን አልቆመም። እናቶቹ በሺዎች ሲሆኑ መጠኑ እየወረደ መጣ፤ እ.አ.አ በ2022 ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር እኩል፣ ከሺህ አንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያዎቹ አራት ልጆች እውነት ነበሩ፤ የተጣለባቸው ትርጓሜ ግን በጥቂት ቁጥር ላይ የቆመ ነበር። አሁን ባለው መረጃ ዶሉቴግራቪር ለነፍሰ ጡሮች የሚመከር ሲሆን፣ በአሜሪካው ክትትልም ኤፋቪሬንዝ ላይ የታየው የራስ ቅል ማነስ በእርሱ ላይ አልታየም። በእርሱ የተጋለጡት ልጆች ግን ገና ትንንሾች ናቸው፤ የትምህርት ቤት ዕድሜያቸው ባሕርይ ገና በመለካት ላይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጥናቶች መካከል ለገጠር ቤተሰብ ከሁሉ የሚጠቅመው ምናልባት ስለ መድኃኒት ጨርሶ የማያወራው ነው። በዚምባብዌ ቺሩማንዙና ሹሩግዊ በተባሉ ሁለት የገጠር ወረዳዎች ነፍሰ ጡሮች በዕጣ ተመድበው አንዳንዶቹ ሕጻናቸው ስድስት ወር ከሞላው በኋላ ስለሚሰጠው ተጨማሪ ምግብ ምክርና በየቀኑ 20 ግራም ገንቢ ምግብ አገኙ፤ ሌሎቹ መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ውኃ ማከሚያና ሕጻኑ ከዶሮና ከከብት እዳሪ ርቆ የሚጫወትበት ንጹሕ ስፍራ ተዘጋጀላቸው፤ ሦስተኞቹ ሁለቱንም አንድ ላይ አገኙ። በሁለት ዓመታቸው ሲለኩ፣ ሁለቱንም ካገኙት ቤቶች የመጡ ለቫይረሱ የተጋለጡ ልጆች በእንቅስቃሴና በቋንቋ ምንም ካላገኙት ተሽለው ተገኙ። ቫይረሱ ከሌለባቸው እናቶች በተወለዱት ላይ ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። በሌላ አነጋገር፣ በማሕፀን ብዙ የተፈተነው ልጅ ለጥሩ ምግብና ለንጽሕና የሚሰጠው ምላሽ ከሌላው የበለጠ ነበር። መድኃኒቱ ወይም ቫይረሱ የተወው ነገር ካለ፣ ቢያንስ ከፊሉ በቤት ሊካካስ ይችላል ማለት ነው።

በሀገር ቤት ይህ ምን ይመስላል? ሕጻኑ እስከ 6 ወሩ ጡት ብቻ ይጠባል፤ ውኃም አጃም አይጨመርም። እናት መድኃኒቷን በሥርዓቱ እየወሰደች እስከ 12 ወርና ከዚያም በላይ ማጥባት ትችላለች። ከ6 ወር በኋላ ገንፎው ከእህል ብቻ ሳይሆን ከባቄላ፣ ከሽንብራ፣ ከእንቁላልና ከወተት ጋር ቢሆን አእምሮ የሚገነባበት ሲሳይ ያገኛል። ዶሮ የሚሰማራበት ደጅ ላይ የሚድኽ ልጅ አፈሩን ከነእዳሪው ወደ አፉ እንደሚወስድ ማንም እናት ታውቀዋለች፤ አንዲት ንጹሕ ምንጣፍ ወይም የታጠረ ጥግ ግን ብዙ ቤት የለም። ጨዋታም አለ። እሽሩሩ ማለት፣ “ወፌ ቆመች” እያሉ ማስቆም፣ እያዘሉ ማነጋገር፣ የዕቃውን ሁሉ ስም መጥራት ለቋንቋ የሚሰጡት ጥቅም በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። አባትም ከዚህ ሥራ ነጻ አይደለም።

መድኃኒቱን በተመለከተ ደግሞ ጉዳዩ አጭር ነው። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ክኒኗን በራሷ ውሳኔ መቀነስም ማቋረጥም የለባትም። በጸበልም ሆነ በሌላ ምክንያት ያቋረጠች እናት በደሟ ያለው ቫይረስ በሳምንታት ውስጥ ተባዝቶ በወተቷ በኩል ወደ ልጇ ሊደርስ ይችላል። ጸበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን ማስኬድ የሚከለክል ነገር የለም። የሕጻኑ ሽሮፕም እንዲሁ ነው፤ ኔቪራፒን እንደ ስጋቱ መጠን ለ6 ወይም ለ12 ሳምንታት ይሰጣል፤ የመተላለፍ ስጋቱ ከፍ ያለ ሲሆን ዚዶቩዲን ይታከልበታል። እናት የጎንዮሽ ጉዳት ካሳሰባት ወይም የምትወስደው መድኃኒት የቱ እንደሆነ ማወቅ ከፈለገች መጠየቅ መብቷ ነው፤ ጥያቄውን በቁጣ የሚመልስ ባለሙያ ካለ የተሳሳተው እርሱ ነው።

የልጁን እድገት መከታተል ባለሙያ ብቻ የሚሠራው ሥራ አይደለም። ልጅ በሁለት ወሩ ሲያናግሩት ፈገግ ይላል፤ በዘጠኝ ወሩ ያለ ድጋፍ ይቀመጣል፤ በዓመቱ እናቱን ወይም አባቱን በቃል ይጠራል፤ በዓመት ከመንፈቁ ራሱን ችሎ ይራመዳል፤ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃላት አገናኝቶ ይናገራል። ከእነዚህ አንዱ በጥቂት ሳምንታት ቢዘገይ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ልጅ ሁሉ እኩል አያድግም። በብዙ ከዘገየ፣ ወይም የያዘውን ችሎታ ከተወ ግን “ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው” ብሎ መተው ጊዜ ማባከን ነው። የጆሮ ምርመራ፣ የደም ማነስ ምርመራና የአመጋገብ ምዘና ብቻቸውን ብዙ መልስ ይሰጣሉ፤ አንዳንዴም የቋንቋው መዘግየት ከመድኃኒት ጋር ምንም የማይገናኝ የጆሮ መመረዝ ሆኖ ይገኛል።

መገለል ደግሞ የራሱን ዳፋ ያመጣል። ቫይረሱን ከጎረቤት የምትደብቅ እናት ልጇንም ትደብቃለች፤ ከቤት እንዳይወጣ፣ ከልጆች ጋር እንዳይውል ታደርጋለች። ተጫዋች የሌለው ልጅ ቋንቋው ቢዘገይና ሰው ቢፈራ ምን ይገርማል? እዚህ ላይ ጎረቤትም ድርሻ አለው። በየጤና ጣቢያው ያሉት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ እናቶች የእርስ በርስ መደጋገፊያ ቡድኖች የሚጠቅሙት ለመድኃኒት አወሳሰድ ብቻ አይደለም፤ ድብርት ላይ ያለች እናት ስትበረታ ልጇም አብሯት ይበረታል።

በዓለም ለኤች አይ ቪ ተጋልጠው ያልተያዙ ልጆች ቁጥር ከ15 ሚሊዮን አልፏል፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ከሰሐራ በታች ባለችው አፍሪካ ይኖራሉ። የ18 ወሩ ምርመራ ሲጠናቀቅ መዝገባቸውን ዘግቶ ከመሸኘት ይልቅ ትምህርት ቤት እስኪገቡ በዓመት አንድ ጊዜ እድገታቸውን ማየት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። በየቀበሌው ያለው የጤና ኬላና ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ክብደትና ቁመት እየለኩ ስለ ንግግርና ስለ ጨዋታ ሁለት ሦስት ጥያቄ ቢጨምሩ ልጁን ከሌሎች ሳይለዩ፣ ምስጢሩንም ሳያወጡ ሊያዩት ይችላሉ።

እስከዚያው ድረስ እናቶች የክትትል ካርዳቸውን ልጁ ነጻ ተብሎ ከተሰናበተ በኋላም ቢያስቀምጡ ይጠቅማል። በእርግዝናው ወቅት የተወሰደው መድኃኒት ስም፣ የተጀመረበት ወርና የሕጻኑ የልደት ክብደት የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ልጁ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።